የአባቴ ፈረስና ሁለቱ መድኃኒቶች

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ትርጉሙ በእርግጥ የገባኝ በ2011 ዓ.ም.፣ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በአንድ ፈረስ ምክንያት ነው።

አባቴ በደብረ ብርሃን ከተማ ባለ ጋሪ ነው። የቤታችን ቀለብ፣ የእኔም ደብተርና ልብስ የሚገኘው ዳማ ብለን ከምንጠራው ፈረሳችን ጉልበት ነበር። በዚያ ዓመት በጥር ወር ዳማ የፊት እግሩን ያነክስ ጀመር። አባቴም ወደ ከብት ሐኪም ወሰደው። ሐኪሙ እግሩን ዳብሶ፣ መርፌ ከወጋው በኋላ፣ ፊኒልቡታዞን የሚባል ሕመም የሚያስታግስና እብጠት የሚቀንስ ዱቄት ለ7 ቀን ከመኖው ጋር እንድንሰጠው አዘዘ።

ማታ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን መጥተው፣ «የፈረስ እግር ያለ ነጭ ሽንኩርት አይድንም» አሉ። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው ብዙ ፈረስ ያረቡ ስለ ነበሩ አባቴ ቃላቸውን አከበረ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሽንኩርቱን የምወቅጥ እኔ ሆንሁ። ጧት 5 ራስ፣ ማታ 5 ራስ ወቅጬ በውኃ እበጠብጣለሁ፤ አባቴ በጠርሙስ ያጠጣዋል። ሁለት መድኃኒት ከአንድ ይሻላል ብለን እጅግ ደስ ብሎን ነበር።

በ6ኛው ቀን ዳማ ገብሱን ትቶ ቆመ። ጥርሱን ያፋጫል፤ ፋንድያውም ቀጠነ። እንደ ገና ወደ ሐኪሙ ሄድን። ሐኪሙ ከንፈሩን ገልጦ ቢያይ ድዱ ነጥቷል። ወደ አባቴም ዞሮ፣ «ከእኔ ዱቄት ሌላ የሰጡት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ።

አባቴ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ምንም የለም ጌታዬ» አለ። የተማረ ሰው እንዳይስቅበት አፍሮ ነው።

አባትን በሰው ፊት ማሳበል ትልቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ዳማን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። «ነጭ ሽንኩርት ሰጥተነዋል፤ የወቀጥሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

ሐኪሙ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። እንዲህ ሲል አስረዳን። «ይህ ዱቄት ሕመሙን ሲያስታግስ፣ ጨጓራንና አንጀትን ከመቁሰል የሚጠብቀውንም ነገር ይቀንሳል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ሲበዛም የፈረስን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። የቱ ይበልጥ እንደ ጎዳው በዓይን አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ሆኖም የቆሰለ ሆድ ቢደማ ሁለቱ ተጋግዘው ይጎዱታል። ፈረስ እንደ ሰው አያስመልስም፤ የዋጠውን ይዞ ይቀራል። የአኻያ ልጥም እንዲሁ ነው፤ የአስፕሪን ዘመድ የሆነ ሳሊሲን የሚባል ነገር ስላለበት፣ በዚህ ዱቄት ላይ ሲጨመር ጨጓራን ይጎዳል። የአገር መድኃኒት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ኃይል ስላለው ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው።» ጥቂት ዝም ብሎም፣ «በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለ።

ሁለቱም መድኃኒት ቆመ። ዳማ አንድ ወር ሙሉ ጋሪ አልጎተተም። አባቴ በገበያ ጆንያ እየተሸከመ አሳደረን፤ እናቴም ሁለት በጎቿን ሸጠች። ዳማ ግን ቀስ በቀስ ሣር መጋጥ ጀመረ፤ በመጨረሻም ተነሣ።

በዚያ ቀን ከሐኪሙ ስንመለስ አባቴ መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም ዱላ ይጠብቀኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ማታ ራት ቀርቦ ሳለ ጉርሻ ዘረጋልኝና፣ «ደግ አደረግህ» አለኝ። ከዚህ በቀር ስለ ነገሩ አላነሣም።

አሁን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አባቴ ዛሬ እንስሳ ይዞ ወደ ሐኪም ሲሄድ፣ በቤት የሰጠውን ቅጠልና ሥር ሁሉ ሳይጠየቅ ይናገራል። ጓደኞቼ ሆይ፤ በቤታችሁ ፈረስ፣ በቅሎ ወይም አህያ ያላችሁ፣ ሐኪም ሲጠይቅ ወላጆቻችሁ ቢያፍሩ እናንተ በትሕትና ንገሩ። ያ ፈረስ የት እንደሚያመው እንኳ መናገር አይችልም፤ የዋጠውንማ ማን ይንገርለት?