ሻፌታና የቤት ኪራይ

የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በመጣ ቁጥር ሐዋሳ ውስጥ ከታቦር ተራራ ሥር በነበረው የቀበሌ ግቢያችን መሀል ሻፌታ ይቀመጥ ነበር፤ ቅቤ የጠገበ ቡሪሳሜ ሞልቶበት። ሲዳማዋ ጎረቤታችን «ኑ ቅመሱ!» ስትል ወላይታው አናጢ፣ ጉራጌው ባለሱቅ፣ ከጎንደር የመጣው አስተማሪ ዙሪያውን ይከባሉ። እኛ ልጆች በብብታቸው ሥር እየሾለክን እንዘግናለን።

በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ወርሶ ኪራይ ስለቀነሰ፣ አናጢውና አስተማሪው ግድግዳ ተጋርተው ይኖሩ ነበር። እኩል ነበርን ብል ግን ድሮን መቀባባት ይሆንብኛል። እኩልነታችን የወረፋ ነበር። የኅብረት ሱቅ ስኳር ሲመጣ ሁሉም ይሰለፋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ሲሰለፍ አይቼ አላውቅም፤ ቤቱ ግን ሻይ ያለ ስኳር ተጠጥቶ አያውቅም።

ኋላ ፖለቲካው «ምን አለህ?» ማለቱን ትቶ «የማን ነህ?» ይለን ጀመር። ሲዳማ ራሱን የማስተዳደር ጥያቄው የዋዛ አልነበረም፤ በግንቦት 1994 እዚያው ሐዋሳ፣ ሎቄ ላይ የሰልፈኞች ደም ፈሶበታል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ የክልልነት ምልክቱ ያው ሻፌታ ሆነ፤ በደቡብ ክልል የመቆየቱ ደግሞ ጎጆ። ሻፌታ 98.5 በመቶ አገኘ። እኔም ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን አናጢያችን ያን ቀን አልነበረም። በሰኔ 2010፣ በዚያው በፍቼ ሰሞን፣ ሲዳማና ወላይታ ተጋጭተው ሰው ሲሞት መጋዝና መሮውን ለሲዳማዋ ጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ ወደ ሶዶ ሄዷል።

ደመወዝ የሚባል ነገር በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ አልነበረም። በ2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2011 ጽፈዋል። የፓርኩ ሠራተኛ ልጃገረዶች አራት እየሆኑ አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ አንዷ ከሌሊት ፈረቃ ስትገባ ሌላዋ ከፍራሹ ትነሳለች። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጎ ነበር። ለባንዲራው የተሰለፈውን ያህል ሰው ለዚህ ቦርድ ሲሰለፍ አላየሁም። የየብሔሩ ባለሀብት በዚህ ቅር የሚለው አይመስለኝም።

ለሻፌታ ድምፁን የሰጠ የሠፈሬ ልጅ ሰሞኑን ኪራይ ተጨመረበት።

«ድሮ አከራዬ በአማርኛ ነበር የሚጨምርብኝ፤ አሁን በሲዳሙ አፎ ሆኗል፣ ጋሼ» አለኝ።

«ታዲያ አይሻልም?»

«ለልመናው ይሻላል» ብሎ ሳቀ። ጭማሪውን ግን ከፍሏል።