በአኬሮን ወንዝ ዳር

ሰሜን ምዕራብ ግሪክ፣ ኤፒሮስ። ሐምሌ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከግሊኪ መንደር በላይ፣ ከገደሉ ሥር የሚፈልቀው ውሃ ግን እግር ያደነዝዛል። ወደ ላይ መሄጃው ወንዙ ራሱ ስለሆነ ጫማዬን እንዳደረግሁ ገባሁበት። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ የሥሩ ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። ልጆች እየተንጫጩ ይዋኛሉ።

የጥንት ግሪኮች ሙታን የሚሻገሩት ወንዝ ይህ ነው ይሉ ነበር። ለጀልባ ቀዛፊው ለካሮን መክፈያ እንዲሆን በሬሳው አፍ ሳንቲም ያኖሩ ነበር። አኬሮን የሚለውንም ስም ከሐዘንና ከዋይታ ጋር አያይዘውታል። ወንዙ የሚገባበትን ባሕረ ሰላጤ ደግሞ «ጣፋጭ ወደብ» ብለውታል፤ የጥንቱ የመልክዓ ምድር ጸሐፊ ስትራቦ እንደጻፈው የወንዙ ውሃ የባሕሩን ጨው ስለሚያለዝበው ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሜሶፖታሞስ ወረድሁ። የአኬሩሲያ ሐይቅ የነበረበት ሜዳ ውሃው ተንጣፍፎ ዛሬ እርሻ ሆኗል። ከኮረብታው አናት፣ ከመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ ግንቡ እጅግ ወፍራም የሆነ የጥንት ፍርስራሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 ቁፋሮውን የጀመሩት ሶቲሪዮስ ዳካሪስ፣ የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የጠቀሰው የሙታን መጠየቂያ ይህ ነው አሉ። ወደ ምድር ቤቱ ስወርድ ሄሮዶቱስ የጻፈውን ታሪክ እያሰብሁ ነበር። የቆሮንቶሱ ገዢ ፔሪያንድሮስ፣ አንድ ወዳጁ ያስቀመጠው አደራ የት እንዳለ ሟች ሚስቱን ሜሊሳን ለማስጠየቅ ወደ አኬሮን መልእክተኞች ላከ። እሷም አልናገርም አለች፤ አብሯት የተቀበረው ልብስ ስላልተቃጠለ በርዷታል፣ ራቁቷን ናት። ባልዋ የከተማውን ሴቶች በሄራ ቤተ መቅደስ ሰብስቦ ልብሳቸውን አስገፈፈና ለእሷ አቃጠለላት። ከዚያ በኋላ ነው የአደራውን ቦታ የነገረችው።

ዳካሪስ በቁፋሮው የተገኙትን ጥርስ ያላቸው የነሐስ ቀለበቶች መናፍስት የሚያስመስል ማንሻ ክፍሎች አድርገው ቆጠሯቸው። በኋላ ጀርመናዊው ዲትቩልፍ ባትስ ቀለበቶቹ የድንጋይና የቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ክፍሎች መሆናቸውን አሳዩ፤ ሕንፃውም የተመሸገ የእርሻ ቤት ነው አሉ። እኔንም የሚያሳምነኝ ይኸኛው ነው፤ ወፍራም ግንብና መወርወሪያ ለጦርነት ይስማማሉ። ይህ ሲባል ግን ሄሮዶቱስ ዋሽቷል ማለት አይደለም። መጠየቂያው በዚህ አካባቢ ነበረ፤ ይህ ኮረብታ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም።

ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ የሜሊሳን ታሪክ አንብባችሁ ሂዱ፤ ለወንዙም የማያንሸራትት ጫማ ያዙ።