እንስላልን ለዓይን መትከል

እንስላል ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ከሻይ ጋር የሚፈላውን ፍሬ፣ ወይም ሆድ ሲነፋ የሚጠጣውን ውኃ ነው። በየአጥሩ ሥር በራሱ ጊዜ ስለሚበቅል አትክልት ብሎ የሚንከባከበው ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ በምንኖርበት ግቢ ከጽጌረዳው ጎን ለውበቱ ብለን ተከልነው። ጎረቤቱ አረም ሲነቅል እኛ አረም መትከላችን መሳቂያ አድርጎን ነበር።

ነገሩ ግን በእኛ የተጀመረ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በመንገድ ዳር በገፍ የሚበቅል፣ ከእንስላል፣ ከድንብላልና ከካሮት ጋር አንድ ወገን የሆነ፣ ነጭ አበባ ያለው ተክል አለ። ከእርሱ መካከል ቅጠሉ ወደ ጥቁር ወይን ጠጅ የሚያደላው ዓይነት ተለይቶ «ሬቨንስዊንግ»፣ ማለትም የቁራ ክንፍ፣ ተብሎ ለግቢ ጌጥ ይሸጣል። ፍሬው ረግፎ ሲበቅል አረንጓዴዎቹ ችግኞች ይነቀላሉ፤ ጥቋቁሮቹ ይቀራሉ። እንስላልም ቅጠሉ እንደ ነሐስ የጠቆረ ዓይነት በውጭ አገር አለው። በእኛ እጅ የገባው ከገበያ የተገዛው ተራው ነው። ቢሆንም ፈዘዝ ያሉትን ችግኞች እየነቀልን ጠቆር ብለው ጭስ የሚመስሉትን እናስቀራለን።

ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ዝናቧም የበዛ ከተማ ናት። ስለዚህ ውኃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አድርገን ዘራን። እንስላል ሥሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ስለሚሰድ ማዛወር አይወድም፤ በሚኖርበት ቦታ ላይ መዝራት ይሻላል። ቁመቱ ከሰው ሊበልጥ ይችላል። እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው ቢጫ አበባው ንብ ይሰበስባል። ፍሬው ከመርገፉ በፊት ራሱን መቁረጥ ግን ግዴታ ነው፤ አለዚያ ግቢውን ይወርሳል። በካሊፎርኒያና በአውስትራሊያ ሜዳውን እየወረረ ማስቸገሩ የታወቀ ነው።

ችግሩ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ማታ ማታ የሰፈር ልጆች ቁርኣን ሊቀሩ ወደ ግቢያችን ይመጣሉ። አንድ ቀን ልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ ሐጂ ከተክሉ ፊት ቆሙና፣ «ኡስታዝ፣ ይህ የአረቄ ቅጠል ቁርኣን በሚቀራበት ግቢ ምን ይሠራል?» አሉን። ፊታቸው ቁጣ ነበረበት፤ ልጁን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊያስቀሩት እንደሚችሉም ገባን።

እንስላል አረቄን ለማጣፈጥ መግባቱ እውነት ነው። «ሐጂ፣ መዲና ውስጥ ኸምር ሐራም በተደረገበት ጊዜ ሰዉ አብዛኛውን ይጠጣ የነበረው ከተምር የተጠመቀውን ነበር። ሆኖም ተምሩ አልተነቀለም፤ የተደፋው መጠጡ ነው» አልናቸው። ሐጂ ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው አሸተቱት። «እርሱስ ልክ ነው። ግን ፍሬውን ለማን እንደምትሰጥ ተጠንቀቅ» ብለው ልጁን ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ልጁ መጣ።

ምክራቸው ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። አረቄ የምታወጣ ጎረቤታችን ፍሬውን በጥሩ ዋጋ ልትገዛን ጠየቀችን። በችግራችን ጊዜ ደርሳልን የምታውቅ ሴት ናት። ለሻይ ከሆነ በነጻ እንደምንሰጣት፣ ለአረቄ ግን እንደማንሸጥላት ነገርናት። ለጥቂት ሳምንታት ሰላምታዋ ቀዘቀዘ። በኋላ ግን ልጇ ጉንፋን ሲይዘው ለሻይ ብላ ላከችበት፤ እኛም እፍኝ ሙሉ ሰጠናት።

የሚተክል ሰው ካለ አንድ ነገር አጥብቀን እንነግረዋለን። ከዚሁ ወገን የሆነና ሰው የሚገድል ተክል በአገራችን ደጋማ ቦታዎች ይበቅላል። ፈላስፋው ሶቅራጥስ ከልደት በፊት በ399 የሞተበት መርዝ ከእርሱ እንደተሠራ ይነገራል። አበባው ነጭ ነው፤ ግንዱ ልሙጥና ባዶ ሆኖ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለበት፤ ሽታውም የአይጥ ሽታ ይመስላል። የእንስላል አበባ ቢጫ ነው፤ ቅጠሉም እንደ ክር የቀጠነ ነው። ለልጆቻችን ያስተማርነው ቀላል ነው፦ ነጭ አበባ ያለውን ወይም ነጠብጣብ የሚታይበትን አትንኩ፤ ከሜዳ ያገኛችሁትንም ለእኛ ሳታሳዩ ወደ አፍ አታስገቡ።