ንጉሡ የሞቱ ዕለት ትልቋ ማማ የጠየቁኝ

የናንተን ታሪክ ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ንጉሥ ነው። አትሳቁብኝ፣ ወደኛው ጉዳይ ይመጣል።

የምሠራው ሪያድ ነሲም ነው። ንጉሥ አብደላ የሞቱት በኛ ጥር 15 ቀን 2007፣ ዓርብ ዕለት ነበር። ጠዋት ስነሳ ቤቱ ጭጭ ብሏል። እኔ አገሩ ሁሉ የሚዘጋ፣ ለቅሶው ወር የሚቆይ መስሎኝ ሩዝና ዱቄቱን ሄጄ አየሁ። ምንም የለም! ከዐስር ሰላት በኋላ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በቃሬዛ ተሸክመው አልዑድ መቃብር ቀበሯቸው። ሐውልት የለ፣ ስም የለ። ያን ሁሉ ሀብት የነበረው ሰው እንደ ማንም ድሃ አፈር ለበሰ። በዚያው ቀን ንጉሥ ሰልማን ነገሡ፣ ልዑል ሙቅሪን አልጋ ወራሽ ሆኑ። ሁለቱም የሟቹ ወንድሞች ናቸው።

ማታ የማዳም እናት፣ ትልቋ ማማ፣ እግራቸውን በዘይት እያሸሁላቸው ነበር። «ማማ፣ ንጉሡ ልጆች አሏቸው አይደል? ልጅ እያለ ወንድም ይነግሣል?» አልኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ንጉሥ አብዱልዐዚዝ እንደ ፈረንጆቹ በ1953 ከሞቱ ወዲህ ሳዑድ፣ ፈይሰል፣ ኻሊድ፣ ፈህድ፣ አብደላ፣ አሁን ሰልማን። ስድስቱም የአንድ አባት ልጆች። ቤተሰቡ ይስማማል፣ ሰዉም መጥቶ እጅ እየነሳ በይዓ ይሰጣል፣ አለቀ።

ቀጥለው «እናንተስ ሐበሾች? ነጃሺ ሲሞት ማን ይወርሰው ነበር?» አሉኝ። ለሳቸው የኛ ንጉሥ ሁሉ ነጃሺ ነው።

እኔ የአምባሰል ልጅ ነኝ። ልጅ ሆኜ መስከረም 21 ከአያቴ ጋር ግሸን ማርያም እሄድ ነበር። ያን ገደል የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፣ መንገዱ ጠባብ፣ ዙሪያው አዘቅት ነው። አያቴ እየወጣን «እዚህ ላይ የንጉሥ ልጆች ይታሰሩ ነበር» ትለኝ ነበር። ያጠፉት ነገር ኖሮ አይደለም፣ የነገሠው ወንድማቸው እንዳይሰጋ ነው። ንጉሡ ሲሞት ከታሰሩት አንዱን አውርደው ያነግሣሉ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብም ከዚያ ወርደው ነው የነገሡት። በኋላ በጎንደር ዘመን ደግሞ ወህኒ አምባ የሚባል ሌላ ተራራ ነበር። ዛሬ እስር ቤቱን ወህኒ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው ይባላል።

ይሄን በተሰባበረ ዐረብኛዬ ስነግራቸው እግራቸውን ሰበሰቡ። «እናቶቻቸውስ ያዩአቸው ነበር? ማን ያበስልላቸው ነበር?» አሉ። «እንደኔ ያለችው ትሆናለቻ!» አልኳቸው፣ ሁለታችንም ሳቅን።

«ሴትስ ነግሣ ታውቃለች?» አሉኝ። ዘውዲቱን ነገርኳቸው። የምኒልክ ልጅ፣ በ1909 ዘውድ ደፋች። ግን ራስ ተፈሪን አልጋ ወራሽ አድርገው ሥራውን ለሳቸው ሰጡ፣ እሷን ደግሞ ከባሏ ከራስ ጉግሣ ለዩአት። ማማ ትንሽ ዝም ብለው «እና ምኑን ነገሠች?» አሉ።

ከዚያ የራሳቸውን አወሩልኝ። አባታቸው ሲሞቱ ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ ተካፈሉ። «ግማሽ ነው፤ ግን ተጽፎ ነው የሰጡኝ። አንቺስ ምን አለሽ?»

«ደሴ ቤት አሠርቻለሁ።»

«በስምሽ?»

«በወንድሜ ስም ነው ማማ። እኔ እዚህ ስለሆንኩ።»

ምንም አላሉኝም። እጄን ታጥቤ ገሃዋ እንዳመጣ አዘዙኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለዋወጠ። ሙቅሪን በሦስት ወራቸው ተነሡ፣ የወንድም ልጅ ተተካ፣ በሰኔ 2009 ደግሞ የንጉሡ ልጅ መሐመድ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ከወንድም ወደ ልጅ ዞረ ማለት ነው። (ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ የሰው ቤተ መንግሥት ነው፣ እኛ ኢቃማችን ይበቃናል።)

ትልቋ ማማ ሲሞቱ እዚሁ ነሲም መቃብር ተቀበሩ። እሳቸውም እንደ ንጉሡ፣ ስም የሌለበት አፈር። ከሰነበተ በኋላ ልጆቻቸው መጅሊስ ተቀመጡ። ቡና ሳቀርብ ወረቀት ይዘው ሁሉን ይቆጥራሉ፣ የእጃቸውን አምባር ሳይቀር። ማዳም ተናዳለች፣ ከወንድሟ ግማሹን ነው ያገኘችው። እኔ ግን ጀበናውን ይዤ ቀናሁባት።

የዚያን ማታ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። የቤቱን ካርታ በስሜ አዙረው አልኩት። «እታለም፣ የኔና ያንቺ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ። «ልዩነት ከሌለው በኔ ይሁና» አልኩት። ኔትወርክ የለም ብሎ ዘጋው። በማግስቱ እናቴ እያለቀሰች ደወለች። ወንድምሽን ሌባ አደረግሽው፣ የአባትሽ አልጋ የሱ ነው፣ ነገ አግብተሽ ትሄጃለሽ አለችኝ። እኔ የበኩር ልጅ ነኝ። የዚያን ቤት ቆርቆሮ አንድ በአንድ የላክሁት እኔ ነኝ። እናቴ ስታለቅስ ግን አፌ ተያዘ።

እስካሁን አልተነጋገርንም። በመጪው ሳምንት ማዳም ፈቃድ ሰጥታኛለች፣ ለውክልና ኤምባሲ እሄዳለሁ። ወንድሜን ሳልሰብር ካርታ ያዞራችሁ እህቶች ካላችሁ፣ ውክልናውን ለማን ሰጣችሁ? ለእናት ነው ወይስ ለጠበቃ? እባካችሁ ንገሩኝ።