በርሊን ሙዚየሞቿን ሌሊት ስትከፍት

ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ ጀርመን የሚሄዱ የእኔ ዕድሜ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አይተው የሚመለሱት የልጆቻቸውን ሳሎን ነው። ልጅ ሥራ ይሄዳል፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት፤ አያት መስኮት ላይ። ጉዞአችሁ በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የሚውል ከሆነ ግን አንድ ቅዳሜ ሌሊት ለይታችሁ ያዙ። ጀርመኖቹ «የሙዚየሞች ረጅም ሌሊት» ይሉታል። ቀኑ ከዓመት ዓመት ትንሽ ከፍና ዝቅ ስለሚል ልጆቻችሁ ቀደም ብለው ያጣሩላችሁ።

በርሊን ይህን ልማድ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ያኔ በራቸውን ከፍተው ያመሹት 12 ሙዚየሞች ብቻ ነበሩ። ዛሬ በዚያ ሌሊት የሚከፈተው በር ቁጥሩ እጅግ በዝቷል፤ ሐሳቡም ወደ ሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ተዛምቷል። አንድ ቲኬት ትገዛላችሁ፣ በዚያችው ቲኬት የፈለጋችሁበት ትገባላችሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። እነሱ ከ18 እስከ 2 ብለው ይጽፉታል። የልጅ ልጆቻችሁ «በስድስት እንሄዳለን» ሲሏችሁ በማን ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ።

ፕሮግራሙን ያየ ሰው ሁሉን ላዳርስ ይላል። ልጄ ሰባት ሙዚየም ጽፋ መጣች። እኔ አራቱን ሰረዝኩ። ስምንት ሰዓት በእግር ቆሞ ማደር ምን እንደሆነ ነርስ ታውቃለች፤ ጉልበታችን ደግሞ የያኔው አይደለም። የእኔ ምክር፣ አንድ ሰፈር መርጣችሁ በእግር የሚዳረሱ ሁለት ወይም ሦስት ቤቶችን ማየት ነው። ብዙ ሰው የሚጎርፈው ወደ ሙዚየም ደሴት ነው። በአንድ የወንዝ ደሴት ላይ አምስት ታላላቅ ሙዚየሞች ተደርድረዋል፤ በዓለም የታወቀችው የግብፅ ንግሥት የኔፈርቲቲ ሐውልትም እዚያው ናት። ሰልፉን ካልፈራችሁ ሂዱ። እኛ ግን በዋናው ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ያለውን ሰፈር መረጥን።

መጀመሪያ ተፈጥሮ ሙዚየም ገባን፤ ይኸኛው ለልጆች ነው። ከ13 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የዳይኖሰር አጽም መሐል አዳራሹ ላይ ቆሟል። የልጅ ልጄ አንገቱን አቅንቶ ሲያይ ኮፍያው ወደቀበት። አጥንቶቹ የመጡት ዛሬ ታንዛንያ ከምንላት አገር፣ ተንዳጉሩ ከሚባል ቦታ ነው። ጀርመን ያንን አገር በቅኝ ስትገዛ፣ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 የአገሬው ሰዎች በመቶዎች ሆነው ቆፍረው አወጡት፤ ተሸክመውም በእግራቸው እስከ ሊንዲ ወደብ አደረሱት። እኔ አጽሙን ሳይ የታየኝ የተሸካሚዎቹ ትከሻ ነው።

ከዚያ ልጁን ከአባቱ ጋር ወደ ቤት ላክነውና እኔና ልጄ ወደ ሻሪቴ ሆስፒታል የሕክምና ታሪክ ሙዚየም በእግር ሄድን። ይህን ሙዚየም ያቋቋመው ሩዶልፍ ፊርኮ የተባለው ስመ ጥር ሐኪም ሲሆን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ፊርኮ የታመሙ የሰው አካል ክፍሎችን እየሰበሰበ በብርጭቆ ዕቃ ያስቀምጥ ነበር፤ ከ20 ሺህ በላይ ደርሰውለት ነበር። አብዛኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፋ። የተረፈው ግን ለማየት ልብ ይጠይቃል። ከእናታቸው ማሕፀን እክል ይዘው የተወለዱ ጨቅላዎች ስላሉ ትንንሽ ልጆችን ይዛችሁ አትግቡ፤ ነፍሰ ጡርም ብትቀር ይሻላል።

እኔን ያቆመኝ የነቀርሳ ሳንባ ነው። በሥራ ዘመኔ የቲቢ ሕሙማን ክፍል ዓመታት ሠርቻለሁ። በሽታውን በሳሉ ድምፅ፣ በኤክስሬይ ፊልም ላይ በሚታየው ጥላ አውቀዋለሁ። ቀዳዳውን በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ሌሊት ነው፤ ጣት ያስገባል። የማን ሳንባ እንደነበር አልተጻፈም። ሮበርት ኮህ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያበሰረው በዚያችው በርሊን እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነበር። በየዓመቱ መጋቢት 15 የዓለም የቲቢ ቀን ተብሎ የሚከበረው በዚያ ምክንያት ነው።

ለልጄ ስነግራት፣ ያኔ ዋናው መከላከያችን የተከፈተ መስኮት እንደነበር አነሣሁባት። አስታማሚዎች «ብርድ ይመታብናል» ብለው ይዘጋሉ፣ እኛ እንከፍታለን፤ ቀኑን ሙሉ ትግል ነው።

«እማዬ፣ ለዚህ ነው ክረምት ከበጋ መስኮት የምትከፍቺብን?»

«ለዚህ ነው።»

«አንቺስ ይዞኝ ይሆናል ብለሽ አታውቂም?»

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ያን ጊዜ ነገርኳት። አንድ ክረምት ከሦስት ሳምንት በላይ ሳስል ቆይቼ አክታዬን አስመርምሬ ነበር። ውጤቱ እስኪመጣ ልጆቹን ከአጠገቤ አራቅሁ። ነጻ ነበርኩ። ልጄ ጥቂት ዝም አለችና፣ «አክስቴ ቤት የሰነበትነው ያኔ ነው? እኔ እኮ ከአባዬ ጋር ተጣልታችሁ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ። ይህን ጥርጣሬ ከልጅነቷ ጀምራ ይዛው ኖራለች።

ውጪ አንድ አግዳሚ ወንበር አግኝተን ተቀመጥን። ሦስተኛው ሙዚየም ቀረ።

ለምትሄዱ ጥቂት ነገር ልጨምር። አዲስ ጫማ አታድርጉ። ነሐሴ በእነሱ በጋ ቢሆንም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይበርዳል፤ ነጠላ አይበቃም፣ ሹራብ ያዙ። ትልቅ ቦርሳ በር ላይ ያስቀምጣሉና የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒታችሁን በኪሳችሁ አድርጉ፤ የስኳር ሕመምተኛ የሚቀመስ ነገር አይርሳ። አሳንሰርና መቀመጫ የት እንዳለ ስትገቡ ጠይቁ፤ ሽማግሌ ሲጠይቃቸው አይሰለቹም። ቲኬቱ አውቶቡስና ባቡርን ይጨምር እንደሆነ ስትገዙ አጣሩ። የከተማው ባቡር ቅዳሜ ሌሊት ሲሠራ ስለሚያድር መመለሻው አያሳስብም። እኛ ስንሳፈር ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ነበር፤ ፉርጎው እንደ ገበያ ቀን ሞልቶ አንድ ወጣት ተነሥቶ አስቀመጠኝ።