ስለ ክሪሲ ሜዳና በገዛ ፈቃዳቸው ስለሚተክሉት ቤተሰቦች

በአሜሪካ በካሊፎርንያ ግዛት ያለችው የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ወርቃማው በር በሚባለው ታላቅ ድልድይዋ በዓለም የታወቀች ናት። ከድልድዩ በስተ ምሥራቅ በባሕሩ ዳር የተዘረጋውን፥ ክሪሲ ፊልድ የሚባለውን መናፈሻ ግን ብዙ መንገደኛ ሳያስተውለው ያልፋል። እኛ ድልድዩን ትተን ስለዚህ ሜዳ ልንጽፍ የወደድነው፥ መልኩ የጠፋ መሬት በሰው እጅ ወደ ጥንት ጠባዩ ይመለስ እንደ ሆነ የሚፈተንበት ስፍራ ስለ ሆነ ነው።

ቦታው በቀድሞ ዘመን ከአንድ ጋሻ የሚበልጥ የጨው ውሃ ረግረግ ነበረ። ኦሎኒ የሚባሉት የአገሩ ጥንታውያን ሰዎች ምግባቸውን ከዚያ ይለቅሙ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1915 ለተከፈተው ዓለም አቀፍ ትርኢት ሲባል የቀረው ረግረግ በአፈር ተደፈነ፤ ቀጥሎም የሠራዊቱ አውሮፕላን ማረፊያ ሆነ። ስሙን ያገኘው በ1919 በአውሮፕላን አደጋ ከሞተው ከሻለቃ ክሪሲ ነው። ሠራዊቱ ሰፈሩን በ1994 ለብሔራዊ መናፈሻዎች መሥሪያ ቤት ካስረከበ በኋላ፥ አስፋልቱና የተበከለው አፈር ተነሥቶ 7 ሄክታር ያህል ረግረግ ተቈፈረ፤ የባሕሩም ውሃ ገባበት። መናፈሻው በ2001 ለሕዝብ ተከፈተ።

ቍፋሮው የመኪና ሥራ ነበረ፤ ተከላው ግን እጅ ይፈልጋል። ወደ 100,000 የሚደርሰውን ችግኝ የተከሉት አብዛኞቹ ደመወዝ የማይቀበሉ የከተማው ሰዎች ናቸው። አባት ጕድጓዱን ሲምስ፥ እናት ሥሩን በቀስታ ስታላቅቅ፥ ልጅ በትንሽ መዳፉ አፈሩን ይጫናል። የተገኘው አበባ ሁሉ አይተከልም። ዘሩ ከዚያው ከሰፈሩና ከአቅራቢያው ይለቀማል፤ በችግኝ ቤት ካደገ በኋላ ይመለሳል፤ የዚያን ጉምና ጨው ያዘለ ነፋስ የለመደ እርሱ ነውና። እውነቱን ለመናገር፥ የሚተከለው ለዓይን የሚያስጐመዥ አይደለም፤ ጨው የሚችል ወፍራም ቅጠል፥ ሻካራ ሣር፥ በአሸዋ ላይ የሚሳብ የዱር እንጆሪ ነው። የሚነቀለው ግን ያማረ ነው፤ አሸዋ እንዲይዝ ተብሎ የተተከለው፥ ትውልዱ ከደቡብ አፍሪካ የሆነው ምንጣፍ መሳይ ተክል የአገሬውን ቡቃያ ሁሉ አፍኖ ይዞታል። በአጠገቡ ባለው ኰረብታ ደግሞ ሠራዊቱ የዛሬ መቶ ዓመት ከዚያም በፊት የተከለው ባሕር ዛፍ ቆሟል። አዲስ አበባ በዚህ ዛፍ ማገዶና የቤት ዕንጨት አግኝታበታለችና፥ እኛ በእንግዳ ተክል ላይ ቶሎ ለመፍረድ አንደፍርም።

ሥራው ግን ገና አላለቀም። አዲሱ ረግረግ ከጥንቱ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፥ የሚወጣው ውሃ አሸዋውን ለመጥረግ ጕልበት ያጥረዋል፤ ስለዚህ አፉ ብዙ ጊዜ ተደፍኖ በመኪና ተከፍቷል። በ2020 ከላይ የሚመጣው ወንዝ ሌላ ትንሽ ረግረግ ተሠርቶለት ከዚሁ ጋር ተገናኘ፤ በዚያም ዳር እንደ ገና ችግኝ ተተከለ።

የተከላው ወራት ዝናማቸው የሚዘንብበት፥ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ከባሕሩ ማዶ በኦክላንድ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፥ በእነዚያ ወራት ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ልጆቹን ይዞ ቢሄድ ደስ ይለናል። ጓንትና መኰትኰቻ እዚያው ይሰጠዋል፤ ጭቃ የማያሳዝነው አሮጌ ጫማ ግን ከቤቱ ይያዝ።