የምድር ባቡራችንን አሮጌ ፎቶግራፎች ፍለጋ ከቦምቤ እስከ ድሬዳዋ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከወላይታ፣ ከቦምቤ ስለ ምድር ባቡር ይጻፋል ብትባሉ ሳቃችሁ ይመጣ ይሆናል። ቦምቤ የእንሰት፣ የጎዳሬና የዝንጅብል አገር ናት እንጂ የሐዲድ አገር አይደለችም። ከማስተምራቸው ልጆች መካከል ባቡር በዓይኑ ያየ በጣት የሚቆጠር ነው። ነገር ግን ከሩቅ ሆኖ መመልከትም የራሱ ጥቅም አለው፤ በአጠገቡ የሚኖር ሰው ለምዶት የሚያልፈውን ነገር፣ ከሩቅ የመጣው ቆሞ ያየዋል።

እኔ የምሰበስበው ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ይመላለስ የነበረውን የቀድሞውን ምድር ባቡር አሮጌ ፎቶግራፎች ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። በፈቃዱ መሠረት መንገዱ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ ሊዘልቅ ታስቦ ነበር። የመጨረሻው ክፍል በወረቀት ላይ ቀረ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ነገር ግን የሐረር ተራራ ወጪው የማይቻል ሆኖ ስለ ተገኘ ሐዲዱ በግርጌው አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ሜዳ ላይም አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፤ ይኸውም ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አጥቶ ስለ ከሰረ ሥራው ብዙ ዘገየ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

የዚህ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነበር። በብዙ አገር የተለመደው ስፋት ግን 1.435 ሜትር ነው። ጠባብ ሐዲድ ለምን ተመረጠ? ምክንያቱ ቀላል ነው። ጠባብ ሐዲድ በተራራ ወገብ ላይ በጠባቡ መጠምዘዝ ይችላል፤ የሚቈፈረው አለት፣ የሚሠራው ድልድይና የሚወጣው ገንዘብም ያንሳል። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደ ሆነ ከፍታ ለሚወጣ መንገድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጣልያኖች ከምጽዋ አሥመራ የሠሩትና በ1911 እ.ኤ.አ. አሥመራ የደረሰው ሐዲድ ስፋቱ 95 ሳንቲሜትር ነው፤ በሕንድ አገር ወደ ዳርጂሊንግ የሚወጣውና በ1881 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ደግሞ 61 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ታዲያ ጠባቡ ሐዲድ ፍጥነቱ አነስተኛ፣ ጭነቱም ውስን ነው። የእኛውም ጊዜው አለፈና በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው ሰፊው ሐዲድ ተመረቀ።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ከቦምቤ ተነሥቼ በአረካና በሆሳዕና በኩል አዲስ አበባ ገባሁ። በመጀመሪያ የሄድኩት ለገሃር ነው። ይህ ስም «ጣቢያው» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል እንደ መጣ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከዚያ ሳልውል ሳላድር ወደ ድሬዳዋ ወረድኩ። በከዚራ በኩል ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉ፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈኑ ናቸው፤ የባቡር መሐንዲሶች ከተማ መሆኗ ያስታውቃል። የደቻቱን ወንዝ ሲሻገሩ መጋላ ይገኛል፤ በዚያም አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ዐረብኛ በአንድ ገበያ ይሰማል። አሮጌ ፎቶግራፍ የሚገኘው በእንዲህ ያለ ከተማ በሰው ቤት ነው፤ በሣጥን ግርጌ፣ በመጽሐፍ ቅጠል መካከል፣ በሠርግ አልበም ውስጥ።

አንድን ፎቶግራፍ ስታገኙ ዘመኑን ለማወቅ ብልሃት አለ። ፖስት ካርድ ከሆነ ጀርባውን ተመልከቱ፤ የፈረንሳይ ፖስት ካርዶች ጀርባቸው በመስመር ለሁለት የተከፈለው ከ1904 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስለ ሆነ፣ ያልተከፈለው ከዚያ በፊት የታተመ ሊሆን ይችላል። የአዲስ አበባው የድንጋይ ጣቢያ ከታየ ፎቶግራፉ ከ1922 ዓ.ም. ወዲህ የተነሣ ነው፤ ሕንፃው የተመረቀው በዚያ ዓመት ነውና። በጣቢያው ፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት መኖር አለመኖሩንም እዩ፤ ጣልያኖች ወደ ሮማ ወስደውት እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ አልተመለሰም። ሊቶሪና ካያችሁ ደግሞ ከጣልያን ወረራ ዘመን የቀደመ አይደለም።

ዘመን እንዲህ ይገኛል። የሰው ስም ግን በዚህ ብልሃት አይገኝም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለብዙ ጊዜ ይዤው የቆየሁት አንድ ፎቶግራፍ አለ። የእንፋሎት ባቡር ቆሞ፣ በፊቱ አምስት ሰዎች ተሰልፈዋል። ከሥሩ በፈረንሳይኛ የተጻፈው የባቡሩ ቊጥርና የጣቢያው ስም ብቻ ነው። ይህንን ይዤ በድሬዳዋ አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ቤት ሄድኩ። አባታቸውም የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩና ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ይህ ባልዲ የያዘው ውኃ የሚቀዳ መሰለህ አይደል?» አሉኝ።

«አዎን አባባ» አልኳቸው።

«አሸዋ ነው። ዳገት ላይ ጎማው ሲንሸራተት በሐዲዱ ላይ አሸዋ ይፈሳል፤ ያለዚያ ባቡሩ አይወጣም። ይህ ሰውዬ የአባቴ ባልንጀራ ነው፤ ልጅ ሆኜ ምሳ ሳመላልስ ከረሜላ ይሰጠኝ ነበር።»

ከአምስቱ የሁለቱን ስም ነገሩኝ። በእርሳስ ከጀርባው ጻፍኩ። ቤተ ሰቦቻቸውን ሳልጠይቅ ስማቸውን እዚህ ማውጣት አይገባኝም። ስለ ሦስቱ ግን አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «የሚያውቃቸው የነበረው አምና ሞተ» አሉኝ።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ይህን አስቡት። የመሐንዲሶቹና የኩባንያው ባለቤቶች ስም በመጽሐፍ ይገኛል። ዳገቱን በአሸዋና በከሰል ያስወጡት ሰዎች ስም ግን በጥቂት ሽማግሌዎች አእምሮ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ፎቶግራፍ መሰብሰብ ወረቀት ማከማቸት ሳይሆን ስም መልቀም ነው። ወረቀቱ ሌላ መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ሽማግሌው ግን አይቆዩልንም።

እንግዲህ ጥቂት ምክር ልስጣችሁ። ፎቶግራፍ ከባለቤቱ እጅ አትንጠቁ፤ በእጅ ስልካችሁ አንሥታችሁ መልሱለት። ከአልበም አትገንጥሉ፤ የተቀመጠበት ተራ ራሱ ይናገራልና። ከጀርባው በእርሳስ ጻፉ፤ የብዕር ቀለም ይሰርጋል። ፕላስተር አትለጥፉበት፤ ከፀሐይና ከርጥበትም ጠብቁት። ከሁሉም በላይ፣ ከሽማግሌው ጋር ስትቀመጡ በመጀመሪያ «ይህ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስለ ባቡሩ በኋላ ትጠይቃላችሁ።

ይህ ምክር ለባቡር ብቻ አይደለም። ሐዲድ ያልደረሰበት የቦምቤ ሰውም መንገድ ጠርጎ፣ ድልድይ ሠርቶ፣ ትምህርት ቤት አቁሟል። እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁና በየቤታችሁ ግድግዳ ላይ ስም ያልተጻፈባቸው ፎቶግራፎች አሉ። በዚህ ሳምንት አንዱን አውርዳችሁ የሚያውቀው ሰው ዘንድ ውሰዱት። እርሳስ መያዝ አትርሱ።